«ከሰፈር ሱቅ የሚገዛ ሞኝ ነው» ይሉናል

ተረት፦ «በሩብ ኪሎ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ይበትናል። መርካቶ ወርዶ በብዛት ይግዛ።»

እውነታ፦ በሒሳቡ አልከራከርም። በሩብ ኪሎ የተገዛ ስኳር በኪሎ ሲታሰብ ይወደዳል። በላስቲክ የሚቋጠር ዘይትም በሊትር ሲታሰብ ከ5 ሊትሩ ጀሪካን በዋጋ ይበልጣል። ባለሱቁ ራሱ ከጅምላ ሻጭ አምጥቶ ነው የሚያተርፈው።

ግን ይህ ምክር የሚሠራው የጀሪካኑን ገንዘብ ባንዴ መቁጠር ለሚችል ሰው ነው። ልብስ አጥባ የምታድር ጎረቤቴ ምክሩን ሰምታ ከቤት ኪራይዋ ላይ አንስታ ጀሪካን ገዛች። ወሩ ሲሞላ አከራይዋ መጡ። ከአራጣ አበዳሪ ተበደረች፤ በዘይቱ ያተረፈችውን ወለዱ ጠራርጎ በላው። መካሪዎቿ ግን ዛሬም ቡና ላይ ተቀምጠው ስለ ቁጠባ ይሰብካሉ። ራሳቸው ደሞዝተኞች ናቸው፤ ጓዳቸው ጎድሎ አያውቅም።

ደግሞስ ባለሱቁ የሚሸጠው ስኳር ብቻ ነው? ወሩ ሳይደርስ ኪስ ሲራቆት «ጻፍልኝ» የሚባለው እሱ ነው። ሱፐርማርኬት ገብቶ ካሸሯን «ጻፊልኝ» ያለ ካለ ይንገረኝ። በ2014 ዓ.ም. የተጀመረው የቴሌብር «እንደኪሴ» ብድር እንኳ የአገልግሎት ክፍያ አለው። ዱቤ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም፤ ዋጋ የሚጨምር አለ፣ ያልተወሰደ ዕቃ የሚጽፍም አለ። ከሱቅ ሱቅ ስለሚለያይ በጅምላ መፍረድ አልደፍርም። የራስን ደብተር ይዞ በየሳምንቱ ማመሳከር ግን አይከፋም። በብዛት መግዛት ያማረው ደግሞ ከጎረቤት ጋር አዋጥቶ ይካፈል።

ተረት፦ «ቴሌግራም ላይ ርካሽ ነው፤ የሱቅ ኪራይ የለበትም።»

እውነታ፦ ማድረሻውን ብዙ ጊዜ የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ የማስለወጥ ወይም ገንዘብ የማስመለስ መብት ሰጥቷል። አድራሻ የሌለውን ሻጭ ግን የት አግኝተው ይጠይቁታል? ዕቃውን ሳያዩ አይክፈሉ።

ተረት፦ «ዋጋ መለጠፍ የትልልቆቹ ግዴታ ነው።»

እውነታ፦ የሰፈር ሱቅንም ይመለከታል፤ አዋጁ ነጋዴን በትልቅና በትንሽ አልለየም። «ዋጋው የት ተለጥፏል?» ብሎ መጠየቅ መብት ነው። የማንጠይቀው ባለሱቁ ወዳጃችን ስለሆነ፣ አንዳንዴም ዱቤው ስላለብን ነው።