ሊኑክስ ላይ ሊንክ ስንጫን በየትኛው ብሮውዘር ይከፈት?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ፣ እዚህ ደብረ ማርቆስ አሮጌ ላፕቶፓቸውን ወደ ኡቡንቱና ሊኑክስ ሚንት የቀየሩ ተማሪዎችና መምህራን አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያነሱልኛል፦ «ክሮም እያለኝ የቴሌግራም ሊንክ ለምን በፋየርፎክስ ይከፈታል?»

ሁለቱም ሲስተሞች ፋየርፎክስን ይዘው ነው የሚመጡት። ክሮምን በኋላ ብትጭኑም፣ ካልቀየራችሁት ሊንኩ ወደ ነባሩ ይሄዳል።

ይሄ ኪስ የሚነካ ጉዳይ ነው። እያንዳንዱ ብሮውዘር የይለፍ ቃላችሁንና አንዴ ያወረደውን ምስል የሚያስቀምጠው ለየብቻው ነው። ክሮም ላይ ያያችሁት ገጽ ፋየርፎክስ ላይ ሲከፈት እንደ አዲስ ይወርዳል። ከስልክ በሆትስፖት ለምንጠቀም ሰዎች ያው ገጽ ጥቅላችንን ሁለቴ ይበላል ማለት ነው።

አቀያየሩ፦

🔹 ኡቡንቱ 22.04፦ ሴቲንግስ ➡️ ዲፎልት አፕሊኬሽንስ ➡️ ዌብ
🔹 ኡቡንቱ 24.04፦ ሴቲንግስ ➡️ አፕስ ➡️ ዲፎልት አፕስ ➡️ ዌብ
🔹 ሊኑክስ ሚንት፦ ሜኑ ➡️ ፕሪፈርድ አፕሊኬሽንስ ➡️ ዌብ

እዚያ የምትፈልጉትን ብሮውዘር ምረጡ፤ በቃ።

⚠️ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሴቭ ያደረገውን ገጽ ራይት ክሊክ አድርጎ በ«ኦፕን ዊዝ» ክሮምን ይመርጥና ጨረስኩ ይላል። ያ ቢበዛ የሚቀይረው የኤችቲኤምኤል ፋይል የሚከፈትበትን ብቻ ነው። የኤችቲቲፒና የኤችቲቲፒኤስ ሊንኮች የየራሳቸው ምርጫ ስላላቸው እንደ ድሮው ፋየርፎክስ ላይ ይቀራሉ።

ምርጫችሁን በዓይናችሁ ማየት ለምትፈልጉ፦ ሆም ፎልደር ውስጥ ሆናችሁ ኮንትሮልና ኤችን አንድ ላይ ተጫኑ። ከፊቱ ነጥብ ያለበት «ኮንፊግ» የሚባል ድብቅ ፎልደር ይወጣል፤ በውስጡ «ማይምአፕስ» የሚባለውን ፋይል በቴክስት ኤዲተር ክፈቱ። ምርጫችሁ የሚጻፈው እዚያ ነው፤ በእያንዳንዱ መስመር ከእኩል ምልክቱ በስተግራ የሊንኩ ወይም የፋይሉ ዓይነት፣ በስተቀኝ የሚከፍተው ፕሮግራም ስም አለ። የኤችቲኤምኤል፣ የኤችቲቲፒና የኤችቲቲፒኤስ መስመሮች አንድ ስም ከያዙ ሥራው አልቋል።

ቀይራችሁ ስትጨርሱ ሁለት ነገር ሞክሩ፦ ከቴሌግራም አንድ ሊንክ፣ ሴቭ ካደረጋችሁት ደግሞ አንድ ገጽ። ሁለቱም በመረጣችሁት ከተከፈቱ ተሳክቷል። ካልሆነ የኡቡንቱ ወይም የሚንት ቨርዥናችሁን ጨምራችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ አብረን እናስተካክለዋለን። ሊኑክስ ለጀመረ ወዳጃችሁም ሼር አድርጉለት 🙏