ወፍ የሌለበት የወፍ በሽታ

ግራና ላይ የአንድ ሰው ዓይን ቢጫ ከሆነ ምርመራው ደጅ ላይ ያልቃል። «የወፍ በሽታ ነው» ይባላል፤ የሌሊት ወፍ በላዩ አልፋ፣ ወይም ሽንቷ ነክቶት ነው ይባላል፤ ሰንሰል ወይም ሌላ ቅጠል ይጨመቃል። ግራና ብቻ አይደለም፤ መርሳም ወልድያም አዲስ አበባም ይኸው ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ይህ ምዕራፍ ባልተጻፈ። የሚያናድደው የተማረው ሰው ማብራሪያ ነው። ጸሐፊው አንድ የጤና ተቋም ግድግዳ ላይ ያየው ሥዕል ዓይንን ቢጫ ከሚያደርጉት አንዱን፣ የሄፓታይተስ ሲን ቫይረስ፣ ጥርስ አብቅሎለት ጉበት ሲያኝክ ያሳያል። ሄፓታይተስ ሲ አያኝክም። የሞተ ሴል አያገለግለውምና ጉበቱ በሕይወት እንዲቆይለት ነው የሚፈልገው።

«ሲ» የሚለው ፊደልም ሌላ ጣጣ ነው። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ሲባል የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። የሚያገናኛቸው ጉበት ነው እንጂ አምስቱ ከአምስት የተለያየ ወገን ናቸው። የሲ ዘመዶች ዴንጊ፣ ዚካና ቢጫ ወባ ናቸው። (ቢጫ ወባ! ወባ ያልሆነውን ወባ ብሎ የሰየመው ምን ነክቶት ይሆን? የግራና ቆላ ሰው ይህን ስም ሰምቶ አጎበርና ኮአርተም ቢያስብ አይፈረድበትም።) ይህ ዘመድ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በኦሞ ሸለቆና አካባቢው 100,000 ያህል ሰው አሞ 30,000 ገደማውን ገድሏል። ቢጫ ወባ በቀናት ውስጥ ወይ ይገድላል ወይ ይለቃል። ሲ ግን አንዴ ከገባ በብዙዎች ላይ ሃያ ሠላሳ ዓመት ይቀመጣል። እንዴት ቻለ?

የቆቦ–ግራና ሸለቆ የመስኖ አገር ነው፤ ስለዚህ በመስኖ እንየው። የጉበት ሴል ማሳ፣ ደም ደግሞ ዋናው ቦይ ይሁን። ሲ በቦዩ ብቻውን አይመጣም። ጉበት ራሱ ወደ ደም የሚልከውን ስብ ተከናንቦ፣ ደለል መስሎ ይፈስሳል። ማሳ ደለል ይወዳልና ይቀበለዋል። በሩ ግን አንድ አይደለም፤ ሲዲ81 የተባለው ፕሮቲንና የስብ ተቀባዩ ኤስአር-ቢ1፣ ቀጥሎም ሴልና ሴል የሚጋጠሙበት ድንበር ላይ ያሉት ክላውዲን-1 እና ኦክሉዲን ይረከቡታል።

ማሳው ውስጥ ተራ የሚያስከብር የውሃ አባት አለ፤ ሪቦዞም ይባላል። ሕጋዊ ትእዛዝ፣ ማለትም የሴሉ የራሱ አር ኤን ኤ፣ ጫፉ ላይ ማኅተም ስላለው የውሃ አባቱ ማኅተሙን አይቶ ሥራ ይጀምራል። የሲ አር ኤን ኤ 9,600 ያህል ፊደል ያለው ክር ነው፣ ማኅተም የለውም። የለውም እንጂ ዘዴ አያጣም፦ መነሻው እርስ በርሱ ተጣጥፎ ሪቦዞሙን ክንዱን ይይዘዋል፣ የውሃ አባቱን ጎትቶ ወደ ራሱ ቦይ እንደሚወስድ ጉልበተኛ ጎረቤት። ከዚያ 3,000 ገደማ አሚኖ አሲድ ያለው አንድ ረጅም ፕሮቲን ይወጣና ተቆራርጦ አሥር ይሆናል። ከቆራጮቹ አንዱ ኤንኤስ3 ነው። ይህ መቀስ የራሱን ፕሮቲን ቆርጦ አያርፍም፤ ማቭስ የተባለውን የሴሉን የማንቂያ ፕሮቲንም ይቆርጣል። «ሌባ ገባ!» የሚለው ጥሩንባ ተሰበረ ማለት ነው።

ጸሐፊው ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ግን ማይክሮ አር ኤን ኤ-122ን ነው። ጉበት ይህችን ኢምንት ክር የሚያመርተው የራሱን ትእዛዞች ለመግታት ነው፤ ትእዛዝ ላይ ከተቀመጠች ታፍነዋለች። ሲ ላይ ስትቀመጥ ነገሩ ይገለበጣል፦ ማኅተም የሌለውን ጫፉን ከሚቆረጥሙት ኢንዛይሞች ትጠብቅለታለች። ለሲ እንደምትጠቅመው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ዘበኛዋ ለሌባው አጥር አጠረችለት!

ጸሐፊው አንድ ቀን ይህን ሁሉ ለአንድ የግራና ገበሬ ተረከላቸው። ሽማግሌው ጨርሰው ሰሙና፦

«ልጄ፣ ይህ ሌባ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው፣ አባባ?»

«ሌባማ ወስዶ ይሄዳል። ይሄ እኮ ገብቶ አራሽ ሆኗል።»

ልክ ናቸው። ምሳሌው ግን ሙሉ አይደለም፤ ማሳውን የሚያበላሸው በዋናነት አራሹ ሳይሆን እሱን ፍለጋ የወጣው ሕዝብ ነው። የሰውነት መከላከያ ሴሎች የተያዘውን ሴል ሲገድሉ፣ ቁስሉ ሲጠግን፣ እንደገና ሲቆስል ጉበት ጠባሳ በጠባሳ ይሆናል። ቫይረሱ ከሰውነታቸው ካልወጣላቸው ሰዎች ከ15 እስከ 30 በመቶው በ20 ዓመት ውስጥ ለጉበት መኮማተር ይዳረጋሉ።

አራሹ ግን የርስት ደብተር የለውም። ሄፓታይተስ ቢ ወደ ሴሉ ኒውክሊየስ ገብቶ ዲ ኤን ኤውን እዚያ ያስቀምጣል፤ መድኃኒት ያዳክመዋል እንጂ ነቅሎ የሚያወጣው ከስንት አንዴ ነው። ሲ ኒውክሊየስ ውስጥ የሚያስቀምጠው ነገር ስለሌለ መባዛቱ ከተቋረጠ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው ሶፎስቡቪር የሚሠራው የቫይረሱን ገልባጭ ኢንዛይም አሳስቶ ነው፤ ከሌላ መሰል መድኃኒት ጋር አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ሳምንት ከተወሰደ ከ100 ሕሙማን ከ95 በላይ ይድናሉ። ክትባቱ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ለቢ አለ፣ የኢትዮጵያ ሕፃናትም እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በአምስት-በ-አንዱ ክትባት ያገኙታል፤ ለሲ የለም።

ወፏስ? እ.ኤ.አ. በ2012 በፈረስ፣ በ2013 ደግሞ በሌሊት ወፎች የሲ ዘመድ ቫይረሶች መገኘታቸው ተዘግቧል። ሲ ወደ ሰው ከየት እንደመጣ ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ። ጸሐፊው የሌሊት ወፏን ነገር ለሽማግሌው አልነገራቸውም፤ ቢነግራቸው ሠፈሩ ሁሉ «አላልንም?» ይል ነበር። ከሌሊት ወፍ ሽንት ሲ የያዘው ሰው ግን አልታየም።

ሲ የሚተላለፈው በደም ነው፦ በጋራ ምላጭ፣ በተደጋገመ መርፌ፣ ባልተመረመረ ደም። ከተያዙት የብዙዎቹ ዓይን ቢጫ አይሆንም። ምርመራው ሁለት ነው፤ መጀመሪያ አንቲቦዲ፣ ከተገኘ ደግሞ አር ኤን ኤ። አንቲቦዲ ከዳነ ሰው ደም ውስጥም ስለሚቆይ፣ የመጀመሪያው ተገኝቶ ሁለተኛው ያልተሠራለት አንባቢ ሐኪሙን ይጠይቅ።