የቤት ውስጥ ግድግዳ ቀለም ጉድለቶችና እርማታቸው

የግድግዳ ቀለም ጉድለት የሚባለው በአቀባብ ስህተት ወይም ግድግዳው በሚገባ ባለመዘጋጀቱ በተቀባ ግድግዳ ላይ የሚታይ ብልሽት ነው። በጀማሪዎች ሥራ ላይ አዘውትረው የሚታዩት የቀለም መውረድ፣ የሮለር መስመር፣ መላጥ፣ ማበጥና የእርጥበት እድፍ ናቸው። ጀማሪ ቀቢ እነዚህን ሲያይ ቶሎ ብሎ ሌላ እጅ ቀለም መደረብ ይቀናዋል። መደረብ ግን ምክንያቱን ይሸፍናል እንጂ አያስወግድም፤ ወጪውም እጥፍ ይሆናል።

በአቀባብ የሚመጡ ጉድለቶች

ወደ ታች የወረደ ቀለም ገና እርጥብ ከሆነ ቀለም ባልተነከረ ሮለር ማስተካከል ይበቃል። መድረቅ ከጀመረ ግን መነካት የለበትም፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ ያልደረቀ ቀለም ሲነካ ይቀደዳል። ወፍራም ጠብታ ዘግይቶ ስለሚደርቅ ቢያንስ አንድ ቀን ይጠበቃል። ከዚያ በስፓቱላ ተልጦ፣ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ፣ አቧራው ተጠርጎ ይቀባል።

የሮለር መስመር የሚፈጠረው እርጥብ ቀለም በደረቀ ቀለም ላይ ሲደረብ ነው። በውሃ የሚቀጥነው ፕላስቲክ ቀለም በሙቀትና በነፋስ ቶሎ ይደርቃል። የአራቱንም ግድግዳ ጠርዝ በብሩሽ ጨርሶ ወደ ሮለር የሚመለስ ሰው ጠርዙ ደርቆ ይጠብቀዋል፤ ዙሪያው ክፈፍ መስሎ የሚቀረውም ለዚህ ነው። መስመሩ ከታሸ በኋላ ያ ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ ሳይቋረጥ መቀባት አለበት። መሃል ላይ ብቻ የተነካካ ቦታ ቀለሙ ከአንድ ባልዲ ቢወጣም እንኳ ከመስኮት በኩል በሚመጣ ብርሃን ይለያል።

ከሥር የሚመጡ ጉድለቶች

ቀለም የሚላጠው የሚይዘው ነገር ሲያጣ ነው፦ አቧራ፣ የወጥ ቤት ቅባት፣ የሚቦን አሮጌ ኖራ ወይም የሚያብለጨልጭ የዘይት ቀለም ከሥሩ ሲኖር። በእጅ ሲዳበስ ነጭ ዱቄት የሚሰጥ ግድግዳ ሳይጸዳና መሠረት ቀለም ሳይቀባ ሌላ ቀለም አይሸከምም። አዲስ የሲሚንቶ ልስንም አብዛኛውን ጊዜ 28 ቀን ያህል ይጠበቃል፤ በክረምት ከዚያ ይዘገያል። ከልስኑ የሚወጣ ነጭ ጨው በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል። በውሃ ከታጠበ ሟሙቶ ወደ ውስጥ ይመለሳል።

የእርጥበት ምንጭ የሚለየው በቀላል ሙከራ ነው። ቁራጭ ፕላስቲክ ዙሪያው በፕላስተር ታሽጎ በግድግዳው ላይ ለአንድ ቀን ይለጠፋል። ጠብታው ከፕላስቲኩ ጀርባ ከታየ ውሃው ከግድግዳው ነው፤ ከፊቱ ከታየ የክፍሉ እንፋሎት ነው። የመጀመሪያው የቧንቧ ወይም የጣሪያ ጥገና ይፈልጋል፣ ሁለተኛው መስኮት መክፈት። ግድግዳው ከደረቀ በኋላ የቀረውን እድፍ ፕላስቲክ ቀለም ብቻውን አይሸፍነውም፤ በቀለሙ ውስጥ ያለው ውሃ እድፉን አሟሙቶ ወደ ላይ ያወጣዋል። ስለዚህ አስቀድሞ አንድ እጅ የዘይት መሠረት ቀለም ይቀባል።

አሮጌ ቀለም ሲነሳ

በቆዩ ቤቶች ያለ የዘይት ቀለም እርሳስ (ሊድ) ሊኖረው ይችላል። የእርሳስ ብናኝ በተለይ የትንንሽ ሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ኢትዮጵያ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ ወስናለች፤ ይህ ግን ከዚያ በፊት የተቀቡ ግድግዳዎችን አያነጻም። በመሆኑም እንዲህ ያለ ቀለም በደረቁ አይታሽም፦ ውሃ እየተረጨ ይፋቃል፣ ፍርፋሪው በላስቲክ ተጠቅልሎ ይወገዳል፣ ወለሉም ሳይጠረግ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ሥራው አልቆ ቤቱ እስኪጸዳ ሌላ ቦታ ይቆያሉ።