በረዶ የመታው አፕል
ግቢያችን ያለውን አፕል በረዶ መታውና እናቴ ደብረ ማርቆስ ገበያ ብታወጣው “ጠባሳ አለው” ብለው ሳይገዟት ቀሩ። ታዲያ እኔ አፕል ፓይ ስለሚባለው ነገር አነበብኩ። የተከተፈ አፕል ሊጥ ውስጥ ተደርጎ ሲጋገር ነው። ብዙ ሰው የአሜሪካ ይመስለዋል፤ ግን እኮ እንግሊዞች አሠራሩን በ1381 በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፈውታል። ያኔ ስኳር የለበትም፤ የሚያጣፍጠው በለስና ዘቢብ ነበር። ሆላንዶች ቀረፋ ጨምረው ከላይ ሊጡን እንደ ሰሌን ይጠልፉታል። ፈረንሳዮች ደግሞ (ይሄ ነው የገረመኝ!) አፕሉን ከታች፣ ሊጡን ከላይ አድርገው ይጋግሩና ሲበስል ይገለብጡታል።
እኛም ከሻይ ቀረፋችን ቆንጥረን በምጣድ ሞከርነው። ከታች አረረ፣ ከላይ ጥሬ ሆነ። ታናሽ ወንድሜ ግን መሃሉን ጠርጎ በላው። ቅዳሜ እንደ ድፎ በኮባ ሸፍነን፣ ከላይም ከታችም እሳት አድርገን እንጋግረዋለን።