ኮምፒውተሩ «ተቀምጧል» ሲል፦ በራሱ የሚቀመጥ ጽሑፍ ምን ያህል አስተማማኝ ነው?

የመመረቂያ ጽሑፉን በማገባደድ ላይ ያለ ተማሪ፣ የሕይወት ታሪካቸውን ለልጅ ልጆቻቸው የሚጽፉ አዛውንት፣ የደረሰበትን ሁሉ ለጥገኝነት ጉዳይ በዝርዝር የሚያሰፍር ስደተኛ፣ የዕድር ቃለ ጉባኤ የምትይዝ ጸሐፊ፣ ሁሉንም አንድ ነገር ያመሳስላቸዋል። የወራት ድካማቸው ያረፈው በአንድ ፋይል ላይ ነው። የዛሬዎቹ የመጻፊያ ፕሮግራሞች ጽሑፍን በራሳቸው ስለሚያስቀምጡ፣ ብዙዎቻችን «ሴቭ» የማድረግን ልማድ እየረሳን መጥተናል። ይሁንና «በራሱ ይቀመጣል» በሚለው አነጋገር ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀው ይገኛሉ። ጽሑፍ የሚጠፋውም ብዙ ጊዜ አንዱን ከሌላው ባለመለየት ነው።

ጽሑፉ በመጀመሪያ የሚያርፍበት ቦታ

በኮምፒውተር የምንጽፋቸው ፊደላት መጀመሪያ የሚያርፉት ራም በሚባለው ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ላይ ነው። ይህ ክፍል እጅግ ፈጣን ነው፤ ኤሌክትሪክ በተቋረጠ ቅጽበት ግን የያዘውን ሁሉ ይለቃል። «ሴቭ» ማድረግ ማለት እንግዲህ ጽሑፉን ከዚህ ጊዜያዊ ማረፊያ፣ መብራት ቢጠፋም ወደማይረሳው ዲስክ መገልበጥ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ በረዘመ ቁጥር የሚጠፋውም ይበዛል።

ሦስቱ ጠባቂዎች

የመጀመሪያው ጠባቂ በማይክሮሶፍት ወርድ ውስጥ «አውቶሪከቨር» የሚባለው ነው። ማንም ካልለወጠው በቀር በየ10 ደቂቃው የጽሑፉን ጊዜያዊ ቅጂ ያስቀምጣል። ሊብረኦፊስም ተመሳሳይ አሠራር አለው። ዓላማው ፕሮግራሙ ድንገት ሲዘጋ ወይም ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ሥራውን መመለስ ብቻ ነው። ጽሑፉን «ሴቭ» አድርገን በሥርዓት ስንዘጋው ጊዜያዊው ቅጂ ይሰረዛል። ስለዚህ አውቶሪከቨር ለአደጋ ጊዜ የተዘጋጀ መረብ እንጂ ማኅደር አይደለም። የ10 ደቂቃውን ልዩነት በፕሮግራሙ ማስተካከያ ውስጥ ወደ 2 ወይም 3 ደቂቃ ማሳጠር ይቻላል።

ሁለተኛው «አውቶሴቭ» ነው። ይህ በየጥቂት ሰከንዱ ዋናውን ፋይል ራሱን ያድሳል። በወርድ ውስጥ የሚሠራው ግን ፋይሉ እንደ ዋንድራይቭ ባለ የክላውድ ማከማቻ ላይ ሲቀመጥና ተጠቃሚው የማይክሮሶፍት 365 ደንበኛ ሲሆን ነው። በላፕቶፑ የራሱ ፎልደር ውስጥ ብቻ ለተቀመጠ ፋይል አውቶሴቭ በአብዛኛው ጠፍቶ ይቆያል። ጉግል ዶክስ በበኩሉ እየተጻፈ ሳለ ወደ ኩባንያው ሰርቨር ያስቀምጣል። ኢንተርኔት በሌለበት ለመጻፍ ግን አስቀድሞ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ መፍቀድ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው እውነተኛው መጠባበቂያ ቅጂ ወይም «ባክአፕ» ነው፤ ይኸውም ከዋናው ተለይቶ፣ በሌላ ዕቃ ላይና በሌላ ቦታ የሚቀመጥ ቅጂ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በራሳቸው ይሠራሉ፤ ሦስተኛው ግን ሰው አስቦ ካላዘጋጀው የለም።

ስሕተትም በታማኝነት ይቀመጣል

አውቶሴቭ ጥሩውን ከመጥፎው አይለይም። አንድ ምዕራፍ በስሕተት ከተሰረዘ፣ መሰረዙም በሰከንዶች ውስጥ ይቀመጣል። የክላውድ ፎልደር በላፕቶፕና በስልክ ላይ እኩል የሚታይ ከሆነ፣ በአንዱ ላይ የጠፋው ፋይል ከሌላውም ይጠፋል። ሁለት ቦታ የሚታይ አንድ ፋይል ሁለት ቅጂ አይደለም።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ሌላም አጋጣሚ አለ። አንድ ሰው ያለፈውን ዓመት ደብዳቤ ከፍቶ፣ ስምና ቀን ቀይሮ አዲስ ደብዳቤ ሊያዘጋጅ ያስባል። አውቶሴቭ በርቶ ከሆነ፣ ለውጡ የሚቀመጠው በአሮጌው ላይ ነው፤ ዋናው ደብዳቤም ይተካል። በዚህ ጊዜ አንድም ፊደል ከመነካቱ በፊት ቅጂ አውጥቶ በሌላ ስም ማስቀመጥ ይገባል።

ለእነዚህ ስሕተቶች መድኃኒቱ የቀደሙ ቅጂዎች ታሪክ ነው። ጉግል ዶክስም ዋንድራይቭም ጽሑፉ ከቀናት በፊት የነበረውን መልክ መልሰው ማሳየት ይችላሉ። ትዕግሥታቸው ግን ወሰን አለው። በጉግል ድራይቭ ወደ ቆሻሻ መጣያው የተጣለ ፋይል ከ30 ቀን በኋላ ለዘለቄታው ይሰረዛል። ከዚህም በላይ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ለ2 ዓመት ያልተከፈተ የግል አካውንት ከነይዘቱ ሊሰረዝ ይችላል። በሌላ አገር ያሉ ወላጆች የከፈቱትና የተዘነጋ አካውንት ካለ፣ አልፎ አልፎ መግባት ዋጋ አለው።

ቅጂው ከዋናው ጋር ሲጓዝ

የቅጂ መኖር ብቻውን እንደማይበቃ ከኮምፒውተር በፊት የሆነ አንድ ታሪክ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1922 መጨረሻ፣ ወጣቱ ኧርነስት ሄሚንግዌይ ሎዛን ውስጥ በጋዜጠኝነት ሥራ ላይ ሳለ፣ ባለቤቱ ሃድሊ ያልታተሙ ጽሑፎቹን በሻንጣ ይዛ ከፓሪስ ልትከተለው ተነሣች። በጋር ደ ሊዮን የባቡር ጣቢያ ሻንጣው ተሰረቀ። በካርቦን ወረቀት የተባዙት ቅጂዎችም አብዛኞቹ እዚያው ሻንጣ ውስጥ ነበሩ፤ የደራሲው የመጀመሪያ ድርሰቶች ከጥቂቶቹ በቀር ከነቅጂያቸው ጠፉ። ዛሬም ፍላሹን በላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ የሚይዝ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነው ምሳሌ ከራሳችን ቤት ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በተጀመረ ሥራ፣ በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት፣ ገዳማትና በግለሰቦች እጅ የነበሩ ከ9,000 የሚበልጡ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተቀርጸዋል። ፊልሙ አዲስ አበባ ብቻ አልቀረም፤ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ የብራና ቤተ መጻሕፍትም ተቀምጧል። ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ ዝርዝራቸውን ለብዙ ዓመታት ያዘጋጁት እዚያ ሆነው ነው። አንዱ ብራና በእሳት ወይም በስርቆት ቢጠፋ እንኳ፣ ቃሉ በሌላ አህጉር ይነበባል።

የመረጃ ጥበቃ ባለሙያዎች ይህንኑ ጥበብ «3-2-1» በሚል ደንብ ያስቀምጡታል፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ለምሳሌ አንዱ በላፕቶፑ፣ ሁለተኛው በውጫዊ ሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው በክላውድ። ሃርድ ዲስኩ ቅጂው ካለቀ በኋላ ከኮምፒውተሩ መነቀል አለበት። ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ተሰክቶ ያገኘውን ዲስክ ሁሉ ይቆልፋልና።

የአማርኛ ጽሑፍ ተጨማሪ ጣጣ

የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ አማርኛ የሚጻፍባቸው ፎንቶች እያንዳንዳቸው ፊደሉን በላቲን ሆሄያት ቦታ ላይ በራሳቸው አደራደር ያስቀምጡ ነበር። እንዲህ ያለ ጽሑፍ የተጻፈበት ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። ፋይሉ አለ፣ ጽሑፉ ግን የለም። ስለዚህ በአሮጌ ዲስክ ያሉ ጽሑፎች ፎንቱ እስካለ ድረስ ወደ ዩኒኮድ ቢለወጡ፣ መልካቸውን እንደያዙም በፒዲኤፍ ቢቀመጡ ይመረጣል።

በመጨረሻም፣ ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ ገና ተስፋ ብቻ ነው። በወር አንድ ቀን ከመጠባበቂያው አንድ ፋይል በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ መጀመሪያውን፣ መካከሉንና መጨረሻውን ማንበብ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይወስድም። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ከመጥፋቱ በፊት የሚወሰድ ይህ ጥቂት ጥንቃቄ፣ ከጠፋ በኋላ ለባለሙያ ከሚከፈለው ገንዘብ ይልቅ እጅግ ይረክሳል።