ታዛ ተሸካሚው አንበሳ

ስለ ቻይና አንበሳ ሲነሳ ሁሉም የሚያስበው በር ላይ የተቀመጡትን የድንጋይ ጥንዶች ነው፤ ኳስ የረገጠውን ወንድና ግልገል የያዘችውን ሴት። ቀና ብሎ ታዛውን የሚያይ ጥቂት ነው። በዠጂያንግ ክፍለ ሀገር፣ በዶንግያንግና በዙሪያዋ ባሉት የቺንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ቤቶች ግን ከእንጨት የተፈለፈለው አንበሳ ያለው እዚያ ነው፤ በዓምዱና ወደ ውጭ በወጣው ጣሪያ መካከል። ብዙ ጊዜ የኋላ እግሮቹን ወደ ጣሪያው ሰቅሎ፣ ራሱን ቁልቁል ዘቅዝቆ ይታያል። ይህን የቀራጭ ጨዋታ ብቻ አድርጎ ማለፍ ተለምዷል። አንበሳውን የዘቀዘቀው ግን ሥራው ነው።

አገሩ ዝናባም ስለሆነ የእንጨቱ ግድግዳ እንዳይርስ ታዛው ረዝሞ ይወጣል፤ የረዘመ ታዛ ደግሞ ከሥር ካልተደገፈ ይጎብጣል። ስለዚህ ከዓምዱ ተነስቶ ወደ ታዛው ጫፍ ያዘነበለ ድጋፍ ተሰጠው። የቀደሙት ድጋፎች ተራ ጣውላ የሚመስሉ፣ ጌጥ ያልበዛባቸው እንጨቶች ነበሩ። ኋላ ጎበጥ ተደርገው ተቀረጹ፤ በቺንግ ዘመን በድጋፉና በዓምዱ መካከል ያለው ክፍተት ተሞልቶ ወፍራም ባለ ሦስት ማዕዘን ግንድ ሆኑ። ያዘነበለው መሥመር ግን አልጠፋም። ባለ አራት እግር እንስሳ በዚያ መሥመር ላይ ሲያርፍ ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል። ከወጣ ግቢው ውስጥ ለቆመው ሰው የሚተርፈው ዳሌው ነው፤ ከወረደ ፊቱን ይሰጣል። ጠባቂ ደግሞ ፊቱ መታየት አለበት።

ቀና ብለው የተቀመጡ አንበሶችም አሉ የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ግንዱ ከወፈረ ቀራጩ ቦታ ያገኛል፣ እንስሳውንም እንደወደደ ያስቀምጣል። በቺንግ መጨረሻ አንዳንዱ ድጋፍ ከመጠን በላይ ተፈልፍሎ ከሸክሙ ይልቅ ጌጡ አይሎበታል ቢባልም አልከራከርም። ያ ግን ቅርጹ ከተወለደ በኋላ የመጣ ነው።

አንበሳ የቻይና ዱር እንስሳ አይደለም፤ በ87 እ.ኤ.አ. ከምዕራብ የመጡ መልእክተኞች ለሃን ቤተ መንግሥት በስጦታ ማቅረባቸው ተመዝግቧል። ስለዚህ የተጠቀለለው ጋማና የጎላው ዐይን ከተፈጥሮ ስለራቀ ቀራጩን መውቀስ አይገባም። የዶንግያንግ ባለሙያዎች ሥራቸውን ብዙውን ጊዜ ቀለም አይቀቡትም፤ የእንጨቱ መሥመርና የመሮው ስለት እንዲታይ ይተዉታል።

የሚያሳዝነው እነዚህን ድጋፎች ከቤታቸው ነቅሎ በዐይን ትክክል ግድግዳ ላይ መስቀል ነው። ከሥር እንዲታይ የተሠራው ፊት እዚያ ወለሉን ያያል፤ ገዢውም ቀራጩ ሚዛን አያውቅም ብሎ ይፈርዳል። አስቀድሞ የተነቀለ ካለ እንኳ ከሰው ራስ በላይ፣ በቀድሞ ዝንባሌው ይሰቀል፤ የመጣበት ቤትና የነበረበት ዓምድም አብሮ ይጻፍ።