በግራ እጅ የተሣሉ ወፎች

ኤድዊን ኮሊንስ የሚባለው የስኮትላንድ ተወላጅ በመጀመሪያ ሠዓሊ፤ ቀጥሎ ጊታር መቺና ዘፋኝ፤ በኋላም እንደ ገና ሠዓሊ ለመሆን የበቃ ሰው ነው። ወደ ሥዕሉ የመለሰው ግን ደዌ ነው።

ኮሊንስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1959 ዓ.ም. በኤዲንበርግ ተወለደ። በጕልማሳነቱ በግላስጎው ከተማ መናፈሻዎችን በሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት በሠዓሊነት ያገለግል ነበር። በ1979 ዓ.ም. ከባልንጀሮቹ ጋራ ኦሬንጅ ጁስ የተባለውን የሙዚቃ ጓድ አቋቋመ፤ ይኸውም በዚያ ዘመን በብሪታንያ ‹‹አዲስ ማዕበል›› እየተባለ የተጠራው ስልት በተስፋፋበት ጊዜ ነው። ጓዱ በ1983 ዓ.ም. ያወጣው ‹‹ሪፕ ኢት አፕ›› የተባለው ሸክላ በአገሪቱ የሽያጭ መዝገብ 8ኛ ሆነ። ጓዱ ከፈረሰ በኋላ ለብቻው በ1994 ዓ.ም. ያወጣው ‹‹ኤ ገርል ላይክ ዩ›› ደግሞ ስሙን በብዙ አገር አስጠራው።

በ2005 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ ወር ግን ደም በአንጎሉ ውስጥ ፈሰሰ፤ ጥቂት ቀንም ሳይቆይ ደገመው። ዕድሜው ያን ጊዜ 45 ዓመት ነበር። በሎንዶን ሆስፒታል ስድስት ወር ያህል ተኝቶ በሕይወት ቢተርፍም ቀኝ ጎኑ ሰለለ፤ ንግግርም ጠፋው። ከአፉ ይወጡ የነበሩት ‹‹አዎን››፣ ‹‹አይደለም››፣ የባለቤቱ የግሬስ ማክስዌል ስም፣ እንዲሁም ‹‹ሊሆን የሚችለው ነገር መጨረሻ የለውም›› የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበሩ። ከጠፋው ንግግር ሁሉ ይህ መትረፉ እጅግ የሚያስገርም ነው፤ በ2014 ዓ.ም. ስለ እርሱ ለተሠራው ፊልምም አርእስት ሆኖ ተሰጥቷል።

ቃል የጠፋው ዘፋኝ፤ ቀኝ እጁ የሰለለ ጊታር መቺ ምን ሥራ ይቀረዋል? ኮሊንስ እርሳሱን በግራ እጁ ያዘ። በቀኙ መጻፍ የለመደ ሰው ብርዑን በግራው ቢጨብጥ ፊደሉ ምን መልክ እንደሚኖረው ጸሐፊ የሆነ ሁሉ ያውቃል። እርሱም ከልጅነቱ ጀምሮ ይወዳቸው የነበሩትን ወፎች ለመሣል ተነሣ፤ መጀመሪያም ዊጄን የሚባለውን የዳክዬ ዓይነት ሣለ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አንድ ወፍ መሣልን እንደ ሥርዓት ያዘው። የፊተኞቹ መሥመሮች የሚንቀጠቀጡ ነበሩ፤ እያደር ግን እጁ ጸና። ወፍ ለመሣል ስሙን መጥራት አያስፈልግምና ንግግሩ ቀስ እያለ እስኪመለስ ድረስ ሥዕሉ ሳይናገር የሚሠራው ሥራ ሆነለት። ሐኪሞች የሚሰጡት ልምምድ አድካሚ ነው፤ የተወደደ ነገር ሲታከልበት ግን ሰው ሳይታዘዝ ይደጋግመዋል።

በ2008 ዓ.ም. እነዚህ ሥዕሎች በሎንዶን በስሚዝፊልድ የሥዕል አዳራሽ ለሕዝብ ታዩ። ተመልካች ለሕመምተኛ በማዘን ሊያመሰግን ይችላል፤ ነገር ግን የወፎቹ አቋቋምና አመለካከት በትክክል ተይዞ ስለሚታይ ሥዕሎቹ ርኅራኄን የሚለምኑ አይደሉም።

ሙዚቃውም ፈጽሞ አልቀረም። በግራ እጁ የጊታሩን አንገት ይዞ ጣቶቹን ሲያኖር፤ ክሩን ሌላ ሰው ይመታለታል። በ2010 ዓ.ም. ‹‹ሉዚንግ ስሊፕ›› የተባለውን የዘፈን ስብስብ ሲያወጣ በሽፋኑ ላይ የታተሙት ራሱ የሣላቸው ወፎች ናቸው። ከዚያም በስኮትላንድ ሰሜን በባሕር ዳር ወዳለችው ወደ ሄልምስዴል ሄዶ የሙዚቃ መቅረጫ ቤት ሠራ።